ከባሩድ ሚዛን ጀርባ ስለ መዳብ አረር የሚወራው

የአደን ወቅት ሊከፈት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት በምዕራብ አሜሪካ የጠመንጃ መደብሮች አንድ ነገር በየዓመቱ ይደጋገማል። ብዙም ያልተነካ የመዳብ አረር ሳጥን ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። «ጠመንጃዬ አልወደደውም» ይላል። «አጋዘኑን በስቶት አለፈ እንጂ አልጣለውም» ይላል። ሳጥኑን በወረደ ዋጋ ሸጦ፣ የለመደውን የእርሳስ አረር ገዝቶ ይሄዳል። ያን ሳጥን ማን እንደሚወስደው ልንገርህ ወዳጄ፤ ከመደርደሪያው ጀርባ ቆመን የምንሸጠው፣ ማታ ማታ ደግሞ ጥይታችንን በእጃችን የምንሞላው ሰዎች ነን።

የምንወስደው ዋጋው ስለወረደ ብቻ አይደለም። ጥፋቱ ሳጥኑ ውስጥ እንዳልሆነ ስለምናውቅ ነው። ሰውየው መዳቡን እንደ እርሳስ ሞላው፣ እንደ እርሳስ ተኮሰው፣ በመጨረሻም እርሳስ ስላልሆነ ፈረደበት። ይህን የሳጥኑ ጽሑፍ አይነግርህም። ወረፋ የበዛበት ሻጭም አይነግርህም። ስለዚህ ጠጋ በልና ስማኝ። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሥራውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልበል። የተተኮሰ ቀለህ ይጸዳል፣ በመሣሪያ ተጨምቆ ወደ ልኩ ይመለሳል፣ ቂጡ ላይ አዲስ ካፕሱል ይገባለታል፣ ባሩድ በሚዛን ተለክቶ ይጨመርበታል፣ አፉ ላይ አረር ይቀመጥለታል። አረር የምለው ከአፈሙዙ ወጥቶ የሚበረውን ነው። በተለመደው የአደን ጥይት ይህ አረር ውስጡ እርሳስ፣ ልባሱ ስስ የመዳብ ቅይጥ ነው። እኔ የማወራልህ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ መዳብ ስለሆነው ነው።

ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከክብደቱ ነው። እርሳስ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 11.3 ግራም ይመዝናል፤ መዳብ 9 ግራም እንኳ አይሞላም። የጠመንጃው ቱቦ ስፋት ስለማይለወጥ፣ ከእርሳሱ እኩል እንዲመዝን የተሠራ የመዳብ አረር ያለው አማራጭ መርዘም ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለ.30-06 ጠመንጃው (ቁጥሩ የጥይቱ ዓይነት መጠሪያ ነው) አባቱ 180 ግሬን፣ ማለትም 11.7 ግራም የሚመዝን አረር ይሞላ ስለነበር እሱም 180 መዳብ ይጠይቃል። እኛም እንሸጥለታለን፤ ፋብሪካውም ያመርትለታል፤ ገዢው የለመደውን ቁጥር ሳጥኑ ላይ ካላየ ስለማይገዛ።

ረጅም አረር ፈጣን ሽክርክሪት ይፈልጋል። በቱቦው ውስጥ የተቀረጸው ጠመዝማዛ ቦይ በስንት ኢንች አንድ ዙር እንደሚያዞር ጠመንጃውን ከመግዛትህ በፊት እወቅ። ከድሮዎቹ .308 ጠመንጃዎች ብዙዎቹ በ12 ኢንች፣ ማለትም በ30 ሴንቲ ሜትር አንድ ዙር የሚያዞሩ ናቸው። እንደ 6.5 ክሪድሙር ያሉት አዲሶቹ በ8 ኢንች ያዞራሉ። ዝግተኛው ቱቦ ውስጥ ረጅም መዳብ ከከተትክ አረሩ ጠጅ እንደበዛበት ሰው እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ ዒላማው ወረቀት ላይ ያለው ቀዳዳም ክብ መሆኑ ይቀርና ሞላላ ይሆናል። ብርድ ሲመጣ ደግሞ ይብስበታል፤ የቀዘቀዘ አየር ጥቅጥቅ ያለ ነው። በነሐሴ ሙቀት ዒላማ ላይ ደህና የነበረ ጥይት በኅዳር ብርድ ተራራ ላይ የሚከዳው ለዚህ ነው።

እኛ ምን እናደርጋለን? ክብደቱን እንቀንሳለን። በ180 ምትክ 150 ወይም 165 ግሬን፣ በ.270 ደግሞ 150 ይተኩስ ለነበረ 130። ደንበኛ ይህን ሲሰማ ፊቱ ይጨማደዳል፤ ጉልበት የቀነስንበት ይመስለዋል። እስቲ ሥጋ ውስጥ የሚሆነውን አስብ። 180 ግሬን የእርሳስ አረር ከመታ በኋላ ሢሶውን አራግፎ መሄዱ የተለመደ ነው፤ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው 120 ያህሉ ነው። 150 ግሬን መዳብ ግን ከሞላ ጎደል 150 ሆኖ ይወጣል። ቀላል ስለሆነም ከአፈሙዙ በበለጠ ፍጥነት ይነሣል። መዳብ የሚፈልገውም ይህንኑ ፍጥነት ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ድፍን የመዳብ ቅይጥ አረር ራሱ የትናንት ፈጠራ አይደለም። ፈረንሳይ በ1898 ለለቤል ጠመንጃዋ 90 በመቶ መዳብ፣ 10 በመቶ ዚንክ የሆነ ሹል አረር ለሠራዊቷ አድላለች። ለቤል አያቶቻችን ዓድዋ ላይ ይዘውት የዘመቱት የውጅግራ ታናሽ ነው፤ ቀለሁም ከውጅግራ ቀለህ የተወለደ ነው። ያ ግን የጦር ሜዳ አረር ነበር፤ ሥጋ ውስጥ አይከፈትም። አዳኝ የሚፈልገው ሲመታ ተከፍቶ የሚሰፋ፣ ግን የማይበታተን ነው። ይህን ለገበያ ያበቃው ራንዲ ብሩክስ ነው። ከባለቤቱ ጋር በ1974 ባርንስ የተባለውን ትንሽ የአረር አምራች ገዝቶ ነበር፤ በ1985 አላስካ ውስጥ ድብ ሲያድን «እርሳሱን ጨርሼ ባወጣውስ?» የሚል ሐሳብ መጣለት። በ1989 ኤክስ የተባለው አረር ወጣ።

የመጀመሪያው ኤክስ ሥጋ ውስጥ ድንቅ፣ ቱቦ ውስጥ ግን ጣጣ ነበር። ንጹሕ መዳብ የሚያጣብቅ ነው። ገላው በሙሉ ከቦዩ ጋር እየተፋተገ ሲያልፍ ከራሱ ልጦ ግድግዳው ላይ ይለጥፋል። ከጥቂት ተኩስ በኋላ ቱቦው ይደፈናል፣ ግፊቱ ከአንዱ ጥይት ወደ ሌላው ይዋዥቃል፣ ዒላማው ላይም ቀዳዳዎቹ ይራራቃሉ። አንድ ጊዜ በሰማያዊ ልባስ ሊያድኑት ሞክረዋል። መድኃኒቱ የመጣው በ2003 ነው፤ በአረሩ ወገብ ላይ ዙሪያውን የሚዞሩ ጎድጓዳ ቀለበቶች ተቀረጹ። ቱቦውን የሚነካው ገላ ቀነሰ፣ ቦዩ የገፋው መዳብም የሚሄድበት ቦታ አገኘ። ከዚያ በኋላ የፕላስቲክ ጫፍ ተጨመረ፤ ሆርናዲ፣ ኖስለርና ፌዴራል የተባሉት አምራቾችም የየራሳቸውን አወጡ። ዛሬም በየመደብሩ ስለ መዳብ የምትሰማው ክፉ ወሬ ብዙው የዚያ የፊተኛው ኤክስ ወሬ ነው። አረሩ ሲለወጥ ወሬው አልተለወጠም።

አሁን ወደ መሙያ ማሽኑ ላምጣህ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው።

በእርሳስ ያደገ ሰው አረሩን ወደፊት አውጥቶ፣ የቦዩን መነሻ ሊነካ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ ያስቀምጠዋል። ለእርሳስ ጥሩ ልማድ ነው። መዳብ ግን መንደርደሪያ ይፈልጋል። ባርንስ ራሱ ሲጀመር ከቦዩ መነሻ 0.05 ኢንች፣ ማለትም 1.27 ሚሊ ሜትር ያህል አርቀህ አስቀምጥ ይላል። ብዙዎቻችን ከዚያም በላይ እናርቃለን። ድፍን መዳብ እንደ እርሳስ በቀላሉ ተጨምቆ ቦዩን አይቀበልም፤ ቦዩን ተጠግቶ ከቆመ ሳይንደረደር ብረት ይገጥማል፣ ግፊቱም በድንገት ይዘላል። የዌዘርቢ ጠመንጃዎች ከቀለሁ አፍ እስከ ቦዩ ድረስ ረጅም ባዶ ቦታ ስላላቸው በእርሳስ ዘመን ይታሙ ነበር። መዳብ ሲጭኑባቸው ግን ብዙዎቹ ባለቤቶቻቸውን ያስደስታሉ።

ዒላማህ ላይ ቀዳዳዎቹ ከተበታተኑ ባሩድ ለመቀየር አትቸኩል። መጀመሪያ አረሩን ወደ ውስጥ ግፋው። በእርሳስ እንደለመድከው በፀጉር ስፋት ሳይሆን ከፍ ባለ እርምጃ ቀያይረው፤ መዳብ ትንሿ ለውጥ ብዙም አትሰማውም። «ጠመንጃዬ አልወደደውም» ከተባለላቸው ጠመንጃዎች ብዙዎቹ ያለ ሌላ ለውጥ በዚህ ብቻ ሲታረቁ አይቻለሁ።

ቀጥሎ የምነግርህን ግን በሹክሹክታ አልናገረውም። ለእርሳስ አረር የተጻፈውን የባሩድ ልክ ለመዳብ አትጠቀም፤ ክብደታቸው አንድ ቢሆንም። ረጅሙ መዳብ ወደ ቀለሁ ውስጥ ጠልቆ ስለሚገባ ለባሩዱ የሚተርፈው ቦታ ይጠባል፤ ቱቦውን ሲጀምርም የበለጠ ይታገላል። ሁለቱም ግፊት ይጨምራሉ። የአረሩ አምራች ለዚያው አረር ባሳተመው መጽሐፍ ካለው ዝቅተኛ ልክ ጀምር፣ በየደረጃው ውጣ፣ ማቀባበያው ከተኩስ በኋላ አልከፈት ብሎ ሲያስቸግር ወይም የቀለሁ ቂጥ ላይ የሚያብረቀርቅ ጭረት ስታይ ቁም። ከጓደኛህ ማስታወሻ ደብተር የተቀዳ ልክ ለጓደኛህ ጠመንጃ ነው። በዚህ ጉዳይ እኔ ከማንም ጋር አልደራደርም፤ የሚፈነዳው ከጉንጭህ አጠገብ ነው።

ስለ ጽዳትም አንድ ነገር። ከእርሳስ ወደ መዳብ ስትሻገር ቱቦውን እስከ ባዶ ብረቱ አጽዳ። የፊተኛው አረር ልባስ ትቶት በሄደው ቅሪት ላይ ንጹሕ መዳብ ስትደርብበት ዒላማህ ይበላሻል። መዳብ የሚያሟሟው ፈሳሽ መዳብ ሲያገኝ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል፤ ጨርቁ ሰማያዊ ሆኖ መውጣቱን ሲያቆም ጸድቷል ማለት ነው። የሚያሳስተው መጥረጊያው ነው። ብሩሹ ወይም የጨርቁ መያዣ ራሱ የመዳብ ቅይጥ ከሆነ ፈሳሹ እሱንም ይበላና ጨርቁ ሁልጊዜ ሰማያዊ ይወጣል። ሰውየው ያልቆሸሸ ቱቦ ሲፈትግ ያመሻል። የናይለን ብሩሽ ግዛ። ጽዳቱ ካለቀ በኋላ ያሉትን የመጀመሪያ ጥቂት ተኩሶች አትመዝግብ፤ ቱቦው እስኪረጋ ጠብቀው።

ሜዳ ላይ የሚሆነውን ለመረዳት አረሩ እንዴት እንደሚከፈት ማወቅ አለብህ። እርሳስ ለስላሳ ነው፤ ሲመታ በራሱ ይጨፈለቃል። መዳብ አይጨፈለቅም። አፍንጫው ላይ ባዶ ጉድጓድ አለው። እርጥብ ሥጋ በኃይል ገብቶ ጉድጓዱን ሲሞላው የውስጡ ግፊት ግድግዳውን ወደ ውጭ ይሰነጥቀዋል፣ አራት ቅጠል ሆኖ ይዘረጋል። የፕላስቲክ ጫፍ ያለው ከሆነ ጫፉ ወደ ኋላ ተገፍቶ እንደ ሽብልቅ ያግዘዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ፍጥነት ካለ ብቻ ነው። ከሌለ አረሩ ጠባብ ቀዳዳ በስቶ ያልፋል፤ እንስሳው ቆስሎ ይሄዳል። «በስቶት አለፈ» የሚሉት ብዙ ጊዜ ይህን ነው።

ለብዙዎቹ አረሮች የሚጠቀሰው ዝቅተኛ ፍጥነት በሰከንድ 1,800 ጫማ ያህል ነው፤ ወደ 550 ሜትር ማለት ነው። በዚያ ፍጥነት መከፈት ይጀምራል፤ በደንብ ይከፈታል ማለት ግን አይደለም። የምናውቅ ሰዎች ለራሳችን የምንይዘው ልክ 2,000 ጫማ፣ 610 ሜትር ነው። ከዚያ በታች አንተኩስም። በተለመደው .308 ከ150 ግሬን መዳብ ጋር ይህ ማለት በግምት 350 ሜትር አካባቢ ላይ መቆም ነው። ለረጅም ርቀት ተብለው የተሠሩ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት የሚከፈቱ የመዳብ አረሮች አሉ፤ ጥሩዎች ናቸው። ቢሆንም ቁጥሩን ከሳጥኑ ሳይሆን ከራስህ የፍጥነት መለኪያ ውሰድ። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ፍጥነት ብዙ ጊዜ ካንተ ቱቦ በረዘመ ቱቦ የተለካ ነው።

የምትመታበትን ቦታም ትለውጣለህ። እርሳስ ሳንባ ውስጥ ሲበታተን ሰፊ ቁስል ስለሚያደርግ ከትከሻው ኋላ የጎድን አጥንት መሐል መምታት ይበቃዋል። መዳብ በዚያው ቦታ ይገድላል፣ ግን አጋዘኑ መቶ ሜትር ሊሮጥ ይችላል። ስለዚህ ትከሻውን እንመታለን። መዳብ አጥንት አይፈራም፤ አጥንቱን ሰብሮ፣ ሳንባውን አልፎ፣ በወዲያኛው ትከሻ ይወጣል። እርሳስ ትከሻ ሲመታ የፊት እግሩ ሥጋ በደም ተጨማልቆ ይጣል ነበር፤ በመዳብ እስከ ቀዳዳው ጠርዝ ድረስ ይበላል። ከወዲያ ማዶ የሚወጣ ስለሆነ ደሙ በሁለት ቀዳዳ ይፈስሳል፣ ዱካ መከተል ይቀላል። ግን ከእንስሳው ኋላ ሌላ እንስሳ ቆሞ እንደሆነ ሁለት ጊዜ እይ። ኤልክ ለተባለው በመንጋ ለሚሄድ ትልቅ አጋዘን ይህ ጥንቃቄ ሕይወት ነው።

በእኛ መሐልም ክርክር አለ። እንደ ሐመርና ከቲንግ ኤጅ ያሉ አምራቾች ቅጠሎቹ ሆን ተብሎ እንዲረግፉ ያደርጋሉ፤ ቅጠሎቹ ለየብቻ ይቆርጣሉ፣ ግንዱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ቶሎ ይጥላል የሚሉት እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ቅጠሉን የሚይዘውን እመርጣለሁ። ወደ ቤት የምወስደው ሥጋ ውስጥ የብረት ስብርባሪ እንዲኖር አልፈልግም።

ይህን ሁሉ የማወራው ደግሞ ለሥጋው ስል ነው። በ2009 በወጣ አንድ ጥናት ዋዮሚንግ ውስጥ በተለመደው የእርሳስ ጥይት የተገደሉ 30 አጋዘኖች በኤክስሬይ ታይተው ነበር። በእያንዳንዱ ገላ ውስጥ በአማካይ 136 የብረት ስብርባሪ ተገኘ። ከዚያ ሥጋቸው በተለያዩ የሥጋ ማዘጋጃዎች ተፈጭቶ ሲታሸግ፣ ከ234ቱ የተፈጨ ሥጋ እሽጎች 32 በመቶው ውስጥ ስብርባሪ ነበረ። ልብ በል፣ የተፈጨው ሥጋ ነው። መፍጫው አንዱን ስብርባሪ ለብዙ ጉርሻ ያካፍለዋል። ክትፎ ለምንወድ ሕዝብ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ከጎረቤት አዳኝ የተሰጣቸውን የአጋዘን ሥጋ ሲቀበሉ በምን እንደተመታ ቢጠይቁ ነውር የለውም። ለሕፃን ልጅ ደህና የሚባል የእርሳስ መጠን የለም። በ2008 ኖርዝ ዳኮታ ውስጥ ለድሆች በነጻ የሚታደል የአጋዘን ሥጋ እርሳስ ተገኝቶበት ከማደያዎቹ እንዲነሣ ተደርጓል። ያ ሥጋ በጎ አስበው አዳኞች የሰጡት ነበር።

ሌላው ተጎጂ አሞራው ነው። የካሊፎርኒያ ኮንዶር በ1987 የመጨረሻው የዱር ወፍ ሲያዝ በዓለም ላይ የቀሩት 27 ብቻ ነበሩ። ተራብተው ወደ ዱር ሲመለሱ ከሁሉ በላይ የገደላቸው አዳኝ ትቶት በሄደው ሆድቃ ውስጥ ያለው እርሳስ ነው። ካሊፎርኒያ በሕግ ሄደች፤ ከሐምሌ 2019 ጀምሮ በእርሳስ ማደን በግዛቷ ሁሉ ተከልክሏል። አሪዞና ግን በ2005 የመዳብ ጥይት በነጻ ማደል ጀመረች፤ በኮንዶሮቹ አካባቢ ከሚያድኑት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሳይገደዱ ተባበሩ። በእርሳስ ያደነ ሆድቃውን ተሸክሞ ከሜዳ ካወጣ ሽልማት ያለው ዕጣ ውስጥ ይገባል። በመደብር ያየሁት ነገር የአሪዞናን መንገድ እንድወድ አድርጎኛል። ተገድዶ የገዛ ሰው ያንኑ 180 ግሬን አምጥቶ፣ ያንኑ ቦታ መትቶ፣ መዳብን ሲረግም ይኖራል። ተምሮ የገዛው ተመልሶ ይመጣል። ዴንማርክ ከ2024 ጀምሮ ለጠመንጃ የእርሳስ አረርን ከልክላለች፤ ሌሎችም ይከተላሉ። ስለዚህ ትምህርቱ አሁን ቢሰጥ ይሻላል።

ዋጋው ይወደዳል፤ አልደብቅህም። ብዙ ጊዜ የመዳቡ ሳጥን 50 ፍሬ ይይዛል፣ የተራው እርሳስ ሳጥን 100። ለዚህ የምናደርገውን ልንገርህ። ቤትህ የቀረውን እርሳስ አትጣለው፤ ዒላማ ላይ ለልምምድ ተኩሰው፤ ትንፋሽህንና ቃታ አሳሳብህን በእሱ አሠልጥን። አደኑ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ቱቦውን አጽዳና ወደ መዳቡ ተሻገር። ሁለቱ አንድ ቦታ ስለማይመቱ የመነጽርህን ማስተካከያ እንደገና ሥራ፤ ከዚያ በኋላ እስከ አደኑ ድረስ እርሳስ አታስገባበት። ከዒላማ ስትመለስ ደግሞ ልጆችህን ከማቀፍህ በፊት እጅህን በሳሙና ታጠብ፤ የካፕሱሉ ጢስም ብዙ ጊዜ እርሳስ አለበት።